ዓርብ ዓርብ፣ ስድስት ፍሬ

“እንዳትንቀሳቀሺ፤ አሁን ይገባል” አለ ዶክተር እንደሻው።

መርፌው በቀኝ ጉልበቷ ጎን ሲገባ ፈይሩዛ የአልጋውን ጠርዝ ልትጨብጥ ሞከረች። ጣቶቿ አልታጠፉላትም። ጥርሷን ነክሳ ጣሪያውን አየች። ሲሪንጁ ቀስ እያለ ሞላ፤ የወጣው ፈሳሽ ገብስ የታጠበበት ውሃ መስሎ የደፈረሰ ነበር። ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና ፊቱ ጠቆረ። የጤነኛ ሰው የጉልበት ፈሳሽ ከጀርባው ጽሑፍ ቢያስቀምጡ ያስነብባል አላት። በዚህኛው ውስጥ የራሱ ጣት እንኳ አልታየውም።

የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ተመልሳ ስትገባ ዶክተሩ ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር።

“ሃያ ሁለት ሺህ” አለ። “ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም። ያንቺዎቹ ከደም ስር ወጥተው ጉልበትሽ ውስጥ ሰፍረዋል። ባለፈው ዓመት እኮ በጣም ተሽሎሽ ነበር።” ብዕሩን አስቀመጠ። “መምህርት ፈይሩዛ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መድኃኒቱን አቁመሻል?”

“አላቆምኩም።”

“ወይ አንዳንድ ሳምንት እየዘለልሽ . . .”

“አንድም ዓርብ አላለፈኝም።”

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ሁሉም ታካሚ እንዲሁ እንደሚል፣ እሱ የሚቆጣ ሰው እንዳልሆነ፣ ብዙ ሰው መድኃኒቱ ሲያቅለሸልሸው እንደሚተወው ለስለስ ባለ ድምፅ ነገራት። የበለጠ ያናደዳት ያ ለስላሳ ድምፁ ነው። ቦርሳዋን በሁለት መዳፎቿ መሃል ይዛ ገለበጠችው። የተማሪዎች ፈተና ወረቀት፣ ሻርፕ፣ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ በመጨረሻ ነጩ የመድኃኒት ጠርሙስ ተንከባለለ።

“ይቁጠሩት” አለችው። “መቶ ፍሬ ነበር። አስራ አምስት ሳምንት፣ በሳምንት ስድስት። አስር መቅረት አለበት። ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያቆምኩ እንደሆነ ምን እንደሚደርስብኝ ከእርስዎ አልማርም።”

እንዲህ ያለ አነጋገር ልማዷ አልነበረም። አሰላ ውስጥ የሚያውቋት ሰዎች ሁሉ ዝምተኛ ነች ይሏታል። ግን ከታመመች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ አንዱን ዓመት ሙሉ የኖረችው ሰው ሳያምናት ነው። በሽታው ሲጀምራት፣ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልዘረጋ ሲሏት፣ ጎረቤቱ ሁሉ “ብርድ ነው” አላት። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ለማያውቀው ሰው ያስፈራል እንጂ እሷ ተወልዳ ያደገችበት ነው። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር እረፍት ፈልጋ እንደሆነ ጠየቃት። አንድ ስሙን መስማት የማትፈልገው የግል ክሊኒክ በየወሩ መርፌ ይወጋት ነበር፤ ለአስር ቀን ያስሮጣታል፣ በአስራ አንደኛው ቀን መልሶ ይጥላታል። አንድ ዓመት እንዲሁ ካለፈ በኋላ ነው ዶክተር እንደሻው ደሟን አስመርምሮ የበሽታውን ስም የነገራት። ብርድም አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ከጀርም ሊጠብቋት የተፈጠሩት ሴሎቿ የገዛ መገጣጠሚያዎቿን እንደ ባዕድ ቆጥረው እየበሏት ነበር።

ያንን ትምህርት በየዓመቱ ታስተምረዋለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ በኦሮምኛ ታፍታታዋለች። ነጭ የደም ሴል የሰውነት ዘበኛ ነው ትላለች፤ የውስጡን ሰው ያውቃል፣ የውጭውን ይይዛል። አምና ኦብሴ የምትባል ተማሪዋ እጇን አንስታ፣ “ቲቸር፣ ዘበኛው የቤቱን ባለቤት ያላወቃት ጊዜስ?” ብላ ጠየቀቻት። ፈይሩዛ ጠመኔውን አስቀምጣ ቀኝ እጇን ለክፍሉ አሳየች። የጣቶቿ አንጓዎች እንደ ለውዝ አብጠው ነበር። “እንዲህ ይሆናል” አለች። ከዚያ ቀን በኋላ በእሷ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ሆኑ።

ዶክተር እንደሻው ክኒኖቹን ወረቀት ላይ አፍስሶ ቆጠረ። አስር ናቸው። አንዷን አንስቶ አገላበጣት፤ ሌላዋንም አነሳ። ያ ለስላሳ ድምፁ ጠፋ።

“እኔ የፋርማሲ ሰው አይደለሁም” አለ። “ይህንን ይዘሽ የገዛሽበት ሂጂ። ፋርማሲስቷን አሳዪያት። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ እኔ ተመለሺ፤ ምሳ ሰዓት ቢሆንም እጠብቅሻለሁ።”

ፋርማሲው ከሆስፒታሉ በር ብዙም አይርቅም። ቢሆንም በባጃጅ ሄደች፤ የተወጋው ጉልበቷ አላስረግጥ ብሏት ነበር። የፋርማሲው ባለቤት ፋናዬ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ የምትሠራ ሴት ናት። መድኃኒቷ ሜቶትሬክሴት ከገበያ ሲጠፋ አዳማ ደውላ፣ አዲስ አበባ ደውላ የምታስመጣላት እሷ ነች። ክኒኖቹን መቁጠሪያው ሳህን ላይ ዘረገፈቻቸው። ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ጠርሙስ አወረደች፣ ከፈተችው፣ አንዲት ፍሬ አውጥታ አጠገባቸው አኖረች።

ያኔ ፈይሩዛም አየችው። ሁለቱም ቢጫ ነው። የፋናዬ ገርጣ ያለ ነው፤ የእሷዎቹ እንደ እርድ የደመቁ ናቸው።

“ይሄ ፎሊክ አሲድ ነው” አለች ፋናዬ። “አስሩም።”

ፎሊክ አሲድን ታውቃለች። መድኃኒቱን በዋጠች ማግስት አንድ ፍሬ ትወስዳለች፤ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። የምትወስደው ግን የሌላ ፋብሪካ ሥራ፣ ተለቅ ያለ ፍሬ ነው። ቫይታሚን ነው። እርጉዝ ሴት የምትወስደው ቫይታሚን።

መጀመሪያ የተቆጣችው በፋናዬ ላይ ነው። አሳስተሽ ሰጥተሽኛል፣ በሰው አጥንት ትጫወቻለሽ፣ እከስሻለሁ አለቻት። ሳል ሽሮፕ ሊገዙ የገቡ ሁለት ሰዎች ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። ፋናዬ እስክትጨርስ ጠበቀች። ከዚያ የመዝገቡን ደብተር ገልጣ ቀኑን አሳየቻት፤ ጠርሙሱ ከፋብሪካ ታሽጎ እንደወጣ፣ ማሸጊያው ሳይቀደድ እንደ ተሰጣት አስታወሰቻት። ፈይሩዛም አስታወሰች። ማሸጊያውን ቤቷ ሆና ልትልጠው ሞክራ አቅቷት ነበር።

ፋናዬ መነጽሯን አወለቀች። “አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔም አሁን ነው የገባኝ” አለች። “መስከረም መጨረሻ፣ ይህንን በወሰድሽ በሦስተኛው ቀን፣ ባለቤትሽ መጥቶ መቶ ፍሬ ፎሊክ ገዝቷል። ለእናቴ ነው፣ ደም ማነስ አለባት ብሎኝ ነው። እኔም ለእናቱ ማሰቡ ደስ ብሎኝ ጤናዋን ጠየቅኩት።”

ፋናዬ ወንበር አወጣችላት፤ ፈይሩዛ አልተቀመጠችም።

የጠርሙሱ ክዳን ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ተጭነው ካላዞሩት አይከፈትም። የፈይሩዛ እጅ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ፣ ባሏ ሚፍታ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ፣ ምሳ ከበሉ በኋላ እሱ ይከፍትላታል። ስድስት ፍሬ መዳፏ ላይ ይቆጥራል። ውሃውን ያቀብላታል፤ “አላህ ያሽርሽ” ይላል፤ እሷም “አሚን” ትላለች። አስራ አምስት ዓርብ። ለእናቷ፣ ለጓደኞቿ፣ ባል እንደ ሚፍታ ብላ የተናገረችው ስለዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ወደ ሚፍታ መሥሪያ ቤት በሚወስዳት ባጃጅ ውስጥ ሆና ትዝ አላት። መድኃኒቱን እየወሰደች እንዳታረግዝ ዶክተሩ ለሁለቱም ነግሯቸዋል፤ ጽንሱን ይጎዳል። ይጠነቀቁ ነበር። በእነዚህ ወራት ግን ሚፍታ ሦስት ጊዜ ጥንቃቄውን ተወው፤ ረሳሁት እያለ። ሦስቱንም ጊዜ እሷ ወር አበባዋ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበራትም። አካለ ጎዶሎ ልጅ ብወልድስ እያለች አለቀሰች። እሱ ግን ጀርባዋን እያሻሸ፣ “አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም” ይላት ነበር። እንዴት እንደዚህ ይረጋጋል ብላ ታደንቀው ነበር። ምንም እንደማይሆን ያውቅ ነበር እኮ።

ሚፍታ የሚሠራው የገበሬዎች ማኅበር የስንዴ ዘር መጋዘን ውስጥ ነው። ጥር ላይ የዲክሲስ ወረዳና የአካባቢው ዘር ተወቅቶ ይገባል፤ ግቢው ጆንያ በሚያራግፉ አይሱዙ መኪኖች ተሞልቶ ነበር። ሚዛኑ ዘንድ ቆሞ ወረቀት ሲፈርም አየችው። አቧራ ቅንድቡ ላይ ሰፍሯል። ስታነክስ ሲያያት ወረቀቱን ጥሎ ሮጠ።

“ምን ሆንሽ? ሐኪሙ ምን አለሽ?”

ጠርሙሱን አሳየችው። ሚፍታ ጠርሙሱን አየ፣ ወደ ጫኞቹ ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ክንዷን ይዞ ከመጋዘኑ ጀርባ ሊወስዳት ሞከረ። ክንዷን ነጠቀችው፤ ግን ተከተለችው። በጫኞች ፊት ልትናገር አልፈለገችም፤ ለእሱ አዝና ሳይሆን ድምፅዋ እንዳይሰበር ፈርታ ነው።

መጀመሪያ ካደ። ፋርማሲስቷ ተሳስታ ይሆናል አለ። ፎሊኩን የገዛበትን ቀን ስትነግረው የቀኝ እጁን አውራ ጣት በግራው ይፈትግ ጀመር።

“ለእኛ ብዬ ነው” አለ በመጨረሻ። “የካንሰር መድኃኒት ነው እኮ። ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ። ማህፀን ያደርቃል የሚሉም አሉ። ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው፣ ፈይሩዛ። እናቴ በሄድኩ ቁጥር ምን እንደምትለኝ አታውቂም።”

“እኔን ጠየቅከኝ?”

“ብጠይቅሽ እሺ አትይም ነበር።”

“እሺ እንደማልል ካወቅክ መልሴን ታውቀዋለህ ማለት ነው።”

እንደገና አውራ ጣቱን ፈተገ።

“ጣቴን እያየህ ነበር” አለችው። “ኅዳር ላይ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ አበጠርክልኝ። ታኅሣሥ ላይ ከአልጋ አነሳኸኝ። ለምን እንደባሰኝ እያወቅክ ነው ያነሳኸኝ። ዶክተሩ ዛሬ ውሸታም አደረገኝ፤ እኔም ያቺን የሰው እናት ፋናዬን ሌባ አደረግኳት። አንተ ግን እዚህ ቆመህ ስንዴ ትመዝናለህ።”

“ትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ካረገዝሽ በኋላ ልነግርሽ . . .”

“የኔን መድኃኒት የት አደረግከው?”

አንገቱን ደፋ። “ሽንት ቤት ጨመርኩት።”

ፋናዬ ሁለት ሳምንት ስልክ ደውላ ያስመጣችው ነው። ፈይሩዛ ልትመታው አሰበች፤ እጇ የማይጨበጥ መሆኑ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነባት። በምትኩ መዳፏን ዘረጋችለትና ስልኩን እንዲሰጣት ጠየቀችው። ግራ እየገባው ሰጣት። ዲክሲስ ላሉት እናቱ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ወይዘሮ ከዲጃ ከብት ሊያጠጡ ወንዝ ወርደው ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ፈይሩዛ ሰላምታውን ሳታሳጥር፣ በኦሮምኛ፣ ጤናቸውን፣ ላሟን፣ አዝመራውን ጠየቀቻቸው፤ አማት ናቸውና። ከዚያ ልጃቸው ያደረገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ክኒኑን ለእናቴ ነው ብሎ መግዛቱንም፣ በእሳቸው ንግግር ማመካኘቱንም ነገረቻቸው። ሚፍታ ስልኩን ሊወስድባት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።



“ኢንታላ ኮ” አሉ አሮጊቷ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የልጅ ልጅ አምሮኛል ብያለሁ። አልዋሽም፣ ብዬዋለሁ። የሚስትህን መድኃኒት ድፋ ብዬው ግን አላውቅም። ሚስቱን መጠየቅ የፈራ ሰው እኔን ምክንያት አድርጎ አይሸሸግ። እዚያው አለ?”

“አጠገቤ ነው፣ እማዬ። እየሰማዎት ነው።”

“ስልኩን ስጪውና አንቺ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ።”

ስልኩን እጁ ላይ አኖረችለትና ሄደች። ከጀርባዋ የአማቷ ድምፅ እየጨመረ ሲሄድ ይሰማት ነበር። ሚፍታ “አዎ እማ . . . አዎ እማ” ይላል። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ ግን አላላትም። ሌላ ሰው ስለተቆጣው ብቻ የእሷ ቁጣ የሚበርድ ይመስል።

ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተር እንደሻው እንዳለው ጠብቋት ነበር። ፋናዬ ክኒኖቹ ምን እንደሆኑ ጽፋ የሰጠቻትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። ከወንበሩ ተነስቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ አምኜሽ መጠየቅ ሲገባኝ አስቀድሜ ፈረድኩብሽ አለ። ይቅርታውን ተቀበለችው፤ ሰበብ ስላልጨመረበት። ከዚያ መድኃኒቱን መልሳ ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ እንደሚያስፈልጋት ነገራት። አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ላቦራቶሪው በር ላይ አንዲት ወጣት ባሏን ተደግፋ ትጠብቃለች፤ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። ፈይሩዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅ አልፈልግም ብላ አታውቅም። ሰኔ ላይ፣ ጣቶቿን ተሽሏት ልብስ መጭመቅ በጀመረችበት ወቅት፣ ዶክተሩን እንዴት እንደምትጠይቀው ለብቻዋ ስትለማመድ ነበር። ስም እንኳ አስባለች። ዛሬ ግን ያቺ ትንሽ የምርመራ ስትሪፕ እርግዝና አለ ብላ ሁለት መስመር ብታወጣ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። አንድ መስመር ብታወጣም እንዲሁ። ለብቻዋ ልትመኘው ያስቀመጠችውን ነገር፣ ሳትመኘው በፊት፣ ሚፍታ በስርቆት አስገብቶባታል። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ይጮኻል፣ ያቆማል፣ መልሶ ይጮኻል። ማን እንደሆነ ለማየት አላወጣችውም።

አንድ መስመር ነው። እርግዝና የለም።

ወረቀቱን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እፎይታውና ሐዘኑ አንድ ላይ መጡባት፤ ሐዘኑ በማን ምክንያት እንደመጣ ስታስብ እንደገና ደሟ ፈላ።

ዶክተሩ በዚያው ቀን የተነሳችውን የእጅ ራጅ መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳያት። በሁለት ጣቶቿ አንጓ ጠርዝ ላይ አይጥ የበላው ዳቦ የመሰለ ጉድጓድ አለ። ባለፈው ዓመት ራጅ ላይ አልነበረም። ሴሎቹ ሲነቁ እብጠት ብቻ እንዳልሆነ፣ አጥንት የሚፍቅ ኬሚካል እንደሚረጩ፣ መድኃኒቱ እብጠቱን ቢመልሰውም የተበላው አጥንት እንደማይመለስ ነገራት። ሁለቱን ጣቶች ቆጠረቻቸው፤ ጠመኔ የምትይዝባቸው ናቸው።

“ልጅ ፈልገን ቢሆን ኖሮስ?” አለችው። “ብንጠይቅዎት ምን ይሉን ነበር?”

“መንገድ ነበረው” አለ ዶክተሩ። “ሜቶትሬክሴቱን አቁመን፣ እርጉዝን የማይጎዳ ሌላ መድኃኒት ተክተን፣ ጥቂት ወራት ጠብቀን . . . ብዙ ሴቶች እንዲሁ ወልደዋል። መጠየቅ ብቻ ነበር። አሁንም መንገዱ አልተዘጋም፤ መጀመሪያ ግን በሽታውን ማረጋጋት አለብን። ስትወስኚ፣ አንቺ ስትወስኚ፣ እንነጋገራለን።”

ከዚያ ካርዷን ስቦ መጻፍ ጀመረ። እሷ ከተቃራኒው ወገን ሆና አነበበችው፤ የተማሪ ወረቀት በግልባጭ ማንበብ ለምዳለች። የጉልበቷን ፈሳሽ ቁጥር ጻፈ። የራጁን ውጤት ጻፈ። በሽታው የተባባሰበት ምክንያት በሚለው ሥር፣ “ታካሚዋ መድኃኒቱን በአግባቡ ባለመውሰዷ” ብሎ ነጥብ ሊያደርግ ሲል መዳፏን ካርዱ ላይ አኖረች።

“ይሄ እኔ አይደለሁም” አለች።

ዶክተሩ አጻጻፉ የተለመደ እንደሆነ፣ በማንም ላይ ለመፍረድ እንዳልሆነ አስረዳት። ካልወደደችው “ምክንያቱ ያልታወቀ” ብሎ ሊያስተካክለው እንደሚችል ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ፣ ካርዱ በብዙ እጅ እንደሚያልፍ፣ ካርድ ክፍል የሚሠሩትም የዚሁ ከተማ ሰዎች እንደሆኑ፣ የተጻፈ ነገር እንደማይፋቅ፣ ነገ ከባለቤቷ ጋር ብትስማማ ሊቆጫት እንደሚችል አሳሰባት። ልክ ነበር። አሰላ ትንሽ ከተማ ናት። ሚፍታን የማያውቅ የለም፤ እሷንም።

መዳፏን ከካርዱ ላይ አላነሳችም።

“ባለቤቷ ሳታውቅ መድኃኒቷን ቀይሮባት ነው ብለው ይጻፉ” አለች።

“እንደዚሁ?”

“እንደዚሁ።”

መዳፏን አነሳች። ዶክተሩ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘና ከሥሩ ጻፈ፤ ቀኑን አኑሮ ፈረመበት። ካርዱን ሊያጥፈው ሲል ያዝ አደረገችው።

“ያንብቡልኝ” አለች።